ባለ አራት ልብሱ ደራሲ

መዝገብ ላይ እንዲሰፍርልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ዳንግላ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ከአርባ ዓመት በላይ አንዱን ደራሲ ልብስ እየቀያየረ አራት ደራሲ አድርጎ አስነበበኝ። በዚህ ምክንያት በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን ሰው ሦስት ጊዜ አባረርኩት፣ አራት ጊዜ ወደድኩት፣ ይባስ ብዬም ራሱን ከራሱ ጋር አወዳድሬ አንዱ የሌላውን ጫማ ለመጥረግ አይበቃም አልኩ። ልጆቼ "እማዬ፣ ተይው፣ መጽሐፍ እኮ ነው" ይሉኛል። መጽሐፍ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ቃሉን ሳይሰጥ የተፈረደበት ሰው አለ። ፈራጇ እኔ ነኝ። ያሳሳተኝ ሰውም አለ። ስለዚህ ከነአመጣጡ እጽፈዋለሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እናቴ ቤት ውስጥ የምትናገረው አዊኛ ነበር፤ አማርኛውን ያገኘሁት ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። አራተኛ ክፍልን ስጨርስ አባቴ "ማንበብ ከቻለች ምን ቀራት?" ብሎ አስቀረኝ። የቀረኝማ የሚነበብ ነገር ነበር። ቤታችን ውስጥ ፊደል ያለበት ዕቃ ቢኖር የስኳር ከረጢት ብቻ ነው፤ እሱንም ስለደጋገምኩት በቃሌ ይዤው ነበር።

በኋላ ዳንግላ ላለ ጋሪ ነጂ ተዳርኩ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ለልጁ መጠቅለያ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ወጣሁ። ነጋዴው ያኔ የአባቱን ሱቅ የሚጠብቅ ጎረምሳ ነበር። ዛሬ መካ ደርሶ ተመልሷል፤ ከፊቱ ስሆን ሐጂ ብዬ፣ አንቱ ብዬ ነው የማነጋግረው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ተከሳሽ ስለሆነ "እሱ" ነው።

ስደርስ ከአንድ የብረት ሳጥን መጻሕፍት እያወጣ ፀሐይ ላይ ያሰጣል።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"የሰው አደራ ነው። ጓሮ ያለውን ክፍል ተከራይቶ የነበረ አስተማሪ ተዛውሮ ሲሄድ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎኝ ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ። እርጥበት እንዳይበላብኝ ነው።"

"አንዱን ስጠኝና ላንብበው።"

"አደራ ይነበባል እንዴ?"

"ይሻግት ብሎ ነው የሰጠህ?"

ትንሽ አሰበ። ጎረምሳ ቢሆንም ነገር ያመዛዝናል። "እንግዲያው ኪራይ አልቀበልም፣ ንብረቱ የእኔ አይደለም። እንዳይቀደድ ግን አልብሼ ነው የምሰጥሽ" አለኝ።

ያለበሰውም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። ጥንቃቄው ልክ አልነበረውም። ወረቀቱን በዱቄት ሙጫ ለጠፈው፤ እንዳይገነጠል ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎችና የመጨረሻውን ቅጠል ጭምር ከሽፋኑ ጋር አጣበቃቸው። የመጽሐፉ ስም፣ የደራሲው ስም፣ ፎቶግራፉም ሳይቀር ሙጫ ውስጥ ቀሩ። "ማን ነው የጻፈው?" ብዬ ስጠይቀው "አንድ ደራሲ ነው" አለኝ። በቃኝ። ታሪኩ ከተጀመረ የሰውየው ስም ምን ያደርግልኛል አልኩ። የመጀመሪያው ጥፋት ይህ ነበር፤ ከፊሉ የእኔ መሆኑን አልክድም።

ደራሲውን "ባለ ሲሚንቶው" አልኩት። የሚጽፈው ስለ ፍቅር ነበር። አንዲት ልጅ መስኮት ላይ ቆማ የሄደባትን ልጅ ሰባት ዓመት ትጠብቃለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ መስኮት ስትነሣ አላየሁም። በመጨረሻ ልጁ የመጣ ዕለት ጠዋት ትሞታለች። እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ጎረቤቶቼ ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተፍ አሉ።

"ማን ሞተ?" አለች አንደኛዋ።

"ልጅቷ።"

"የማን ልጅ?"

መጽሐፉን አሳየኋት። አየችው፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ቁጭ አለችና "እንዴት ሆና ሞተች?" ስትል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከመጡ አይቀር ብለው ሦስቱም ትንሽ አልቅሰው ሄዱ። ያን ሰሞን ከእኔ ጋር ያላለቀሰ ጎረቤት የለም።

መጽሐፉን ስመልስ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። መጽሐፍ በመለስኩ ቁጥር ባንኮኒው ላይ ቆሜ ደራሲውን አመሰግነዋለሁ ወይ እከሰዋለሁ፤ ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሴቶችም ቆመው ያዳምጣሉ። እሱ በሜትሩ ጨርቅ ይለካል። አንዳንዴ ሜትሩን ይዞ መለካቱን ይረሳዋል።

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ጡት ሳላስጥለው ሦስተኛው መጣ። አንድ ቀን አንደኛው እግሬ ሥር ያለቅሳል፣ ሁለተኛው ጡቴን ይጎትታል፣ እኔ በአንድ እጄ ባለ ሲሚንቶውን ይዣለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጎልማሳ በፍቅር ምክንያት ምሳ አልበላም ብሎ ስድስት ገጽ ይተክዛል። ምሳው ቀርቦለታል። ሠርታ ያቀረበችለት ሴት አለች። ስድስት ገጽ ሙሉ ያቺ ሴት ስሟ እንኳ አልተጠራም። ደሜ ፈላ። በነጋታው መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና "የዚህን ሰው መጽሐፍ ሁለተኛ እንዳትሰጠኝ" አልኩ።

"ምን አደረገ?"

"ምሳ አልበላም አለ።"

"ደራሲው?"

"የፈጠረው ሰው ነው። ግን ከደራሲው ፈቃድ ውጭ የሚጾም የለም።"

ሦስት ገበያ ሳልሄድ ቀረሁ። በአራተኛው ጨርቅ አልቆብኝ ስሄድ "አዲስ ደራሲ መጥቷል" አለኝ። ይህኛው መጽሐፍ ከቀሚስ የተረፈ አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሷል፤ በስፌት መኪና ዙሪያውን ዘምዝሞታል። ጀርባው ላይ ቁልፍ ቢኖረው ልጅ ይለብሰው ነበር።

ባለ አበባው ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ ነበር የሚጽፈው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ ቤቴ ውስጥ በየቀኑ አንድ ነገር ይጠፋል፣ ማንም እኔ ነኝ አይልም። እንዲህ ዓይነት ደራሲ ነበር የሚያስፈልገኝ። መርማሪው የሲጋራ ቁራጭ አይቶ የሰውየውን ቁመት ይናገራል። እኔም ይህን ሁሉ ተማርኩ። አንድ ጠዋት ሁለት ዶሮዎች ጠፉ። እንደ ድሮው "የት ሄዱ" ብዬ አልጮህኩም። ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ በገመድ ለካሁ፣ የወደቀውን ላባ ሰብስቤ በወረቀት ጠቀለልኩ፣ የቆጡ ማሰሪያ የተፈታበትን መንገድ መረመርኩና የፈታው ሰው ግራኝ ነው የሚል ውሳኔ ላይ ደረስኩ። በሰፈሩ ግራኝ የነበረችው አማቴ ብቻ ናት።

ባለቤቴ ባለበት ጠየቅኳት። "ትላንት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት የት ነበሩ?"

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ጥያቄውን ብቻ ይመልሱ።"

ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ ጋሪው ሄደ። የሄደው ሳቁን ለመደበቅ ነው። ሲመለስ ዶሮዎቹ ከጋሪው ሥር ባለው ጭድ ውስጥ ዕንቁላል ታቅፈው ተኝተዋል አለን። አማቴ ለአራት ወር ሰላምታዬን አልመለሰችም። ይፈረድልኝ አልልም፣ ትክክል ነበረች።

ይህን ሁሉ ዕዳ ያመጣብኝን ደራሲ ግን አልተውኩትም ነበር። የተውኩት በፍትሕ ጉዳይ ነው። አንዱ መጽሐፉ ላይ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሰባት ሰው ጠረጠርኩ፤ መጨረሻው ላይ ገዳዩ ማን ሆነ? ከዚያ በፊት ስሙ ያልተነሣ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ የአክስት ልጅ። ሱቁ ሄጄ ባንኮኒውን መታሁት።

"ይህ ሰው አጭበርባሪ ነው። አንባቢ ይፍረድ ከተባለ ተከሳሹ ከመጀመሪያው መቅረብ አለበት። እኔ ሰባት ንጹሕ ሰዎች ጠርጥሬያለሁ። ይቅርታ የምጠይቃቸው የት አግኝቼ ነው?"

"ባለ ሲሚንቶው ይሻል ነበር?" አለኝ ጨርቁን እያጠፈ።

"ባለ ሲሚንቶው ቢያንስ የሚሞተውን ሰው አስቀድሞ ያሳያል።"

ከወር በኋላ ሌላ አዲስ ደራሲ መጣ። የለበሰው ባሕር የተሣለበት የግድግዳ ካላንደር ነበር። ባለ ካላንደሩ ስለ ድሮ ጦርነትና ስለ ድሮ መኳንንት ይጽፋል። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እኔን ያስደስተኝ የነበረው ይህ ነው፤ የሩቅ ሰው መከራ ከቅርቡ ይቀላል። ባለቤቴም ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጦ ያዳምጣል። ፊደል አልቆጠረም፤ ግን ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አለው፣ የፈረሰኞች ማኅበርም አባል ነው። ስለ ንጉሡ ሳነብ ያንቀላፋል፤ ስለ ፈረሱ ሳነብ ይነቃል። ባለ ካላንደሩ ደግሞ አንድ ዳማ ፈረስ ጽፎ ነበር። ጀግናው በዚህ ፈረስ ላይ ሆኖ ወንዝ ተሻግሯል፣ ገደል ዘሏል፣ ቆስሎ ሦስት ቀን ተጉዟል። መጨረሻው ላይ ጀግናው ከጦርነቱ ተመልሶ ድግስ ይደገሳል፣ ይሾማል፣ ያገባል። መጽሐፉን ዘጋሁት።

"ፈረሱስ?" አለ ባለቤቴ።

"ምን ፈረሱስ?"

"የት ሄደ?"

መለስ ብዬ ፈለግሁ። የለም። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ጀግናው ይወርድና ልጓሙን ለአንድ ሰው ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ፈረሱን ያየው የለም።

"ውኃ እንኳ አልሰጠውም" አለ ባለቤቴ።

በነጋታው ጋሪውን ትቶ ከእኔ ጋር ወደ ሱቁ መጣ። በዕድሜው ስለ መጽሐፍ ጠብ ያነሣው ያን ቀን ብቻ ነው። "ይህ ሰው ፈረስ ኖሮት ያውቃል?" አለው ነጋዴውን። ነጋዴው እንዴት ሊያውቅ። "ፈረሱ የት እንደደረሰ እስኪነገረኝ መጽሐፉ አይመለስም" አለና ብብቱ ውስጥ ወትፎት ወጣ። እውነትም አልመለሰውም። ቤታችን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መጽሐፉ እስከ አምና ድረስ እንደታሰረ ነበር። እኔም ፈረስ የሚጥል ደራሲ አላነብም ብዬ ባለ ካላንደሩን ተሰናበትኩት።

እንግዲህ እርጅና መጣ። ልጄ ወደ እንጅባራ ወሰደችኝ፤ እኛ የድሮ ሰዎች ኮሶበር የምንላት ናት። መጽሐፍ ለመለወጥ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ እመላለስ ጀመር። ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን መጽሐፍ የለመደ ሰው ምን ያድርግ። ሐጂ፣ ማለት ተከሳሹ፣ በነጭ አቡጀዲ የተሰፋ ስስ መጽሐፍ ሰጠኝ። "ይህ ለእርስዎ ይሆናል ብዬ ነው" አለ።

ባለ አቡጀዲው ከሁሉም በለጠብኝ። አንድ ሽማግሌ ጎመን ይተክላል። አጥር ያጥራል። ገጽ አርባ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ገጽ ስልሳ ላይ ያባራል። ጎረቤቱ መጥቶ "ጎመኑ እንዴት ነው?" ይለዋል፣ "ደኅና ነው" ይለዋል። ማንም አይሞት፣ ማንም ከምግብ አይከለከል፣ ማንም ማንንም አይጠረጥር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባንኮኒው ላይ ቆሜም ይህን ተናገርኩ። "ደራሲ ማለት ይህ ነው። ባለ ሲሚንቶው፣ ባለ አበባው፣ ባለ ካላንደሩ ሦስቱ ተደምረው የዚህን ሰው ጫማ ለመጥረግ አይበቁም።" ነጋዴው አቀርቅሮ ጨርቅ ያጥፍ ነበር። ያን ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

አምና ክረምት ባለ አቡጀዲውን ደግሜ ተውሼ ከዳንግላ ስመለስ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የድንች ጆንያ ተጭኖ ነበር። ዝናቡ ጆንያውን አጠበው፣ የጆንያው ውኃ ደግሞ በመስኮቱ ገብቶ ቦርሳዬን ሞላው። ቤት ስደርስ አቡጀዲው ረጥቧል፣ የዱቄቱ ሙጫ ሊጥ ሆኗል። ከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ሲደርቅ ልብሱ ወልቆ ወደቀ። የደራሲው ስም ወጣ፤ ጀርባው ላይ ፎቶግራፉም አለ። መላጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጆሮው እንደ መኪና በር ግራና ቀኝ የተከፈተ ሽማግሌ። ደስ አለኝ። "አገኘሁህ" አልኩት።

ከዚያ ነገር ፍለጋ ነው የምትሉ በሉ፣ የታሰረው ባለ ካላንደር ትዝ አለኝ። ፈረሱን ጥሎ የቀረውን ሰው ፊት ልየው አልኩ። ከዳንግላ ይዤው የመጣሁትን ሳጥን ከፍቼ ባሕሩን በቢላ ላጥኩት። ያው ስም ነው። ፎቶግራፉ ላይ ፀጉር አለው፣ ጆሮው ግን ያው ጆሮ ነው።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ተቀምጬ ሳስበው ምልክቶቹ ነበሩ። በአራቱም ደራሲዎች መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ሆኖ የሚያስነጥስ ሽማግሌ አለ። እኔ መጽሐፍ ሲጻፍ የሚያስነጥስ ሽማግሌ ማስገባት ሕግ መስሎኝ ነበር። ባለ አበባው ያስተማረኝ ምርመራ ለዚህ አልሆነኝም።

በሚቀጥለው ገበያ ዳንግላ ሄድኩና ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳቸው። "ሐጂ፣ ሳጥኑን ይክፈቱት" አልኩ። አላንገራገረም። አንድ በአንድ ላጥናቸው። ሃያ ሦስት መጽሐፍ፣ ሃያ ሦስቱም ላይ አንድ ሰው። አስተማሪው ከዚህ ሰው በቀር ሌላ ደራሲ አያነብም ነበር ማለት ነው። ከባለ ሲሚንቶው ሥር የወጣው ፎቶግራፍ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ወጣት ነው። ባለ አበባው ላይ ጢም አብቅሏል። ባለ ካላንደሩ ላይ ሸብቷል። ባለ አቡጀዲው ላይ መላጣ ነው። እኔ ሙሽራ ሳለሁ ይህ ሰው አርጅቶ፣ ጎመኑን ተክሎ፣ ያን ሁሉ ጽፎ ጨርሶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

"ለምን?" አልኩት ነጋዴውን።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅርታ መልስ አይደለም። ለምን ብዬ ነው የጠየቅሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ" አለ ደግሞ።

ወጥቼ ሄድኩ። መልሱን ሳልሰማ ደግሜ ያን ደፍ አልረግጥም ብዬ ማልኩ። አርባ ዓመት የተመላለስኩበት ሱቅ ነው። ጓደኛ ማለት እንደዚያ ከሆነ፣ ከባለቤቴ ቀጥሎ ብዙ ያወራሁት ሰው እሱ ነበር። ማጣቴ ነበር ያንገበገበኝ፣ ግን አርባ ዓመት ካታለለኝ ሰው ጋር እንዴት ይወራል።

መጽሐፍም አጣሁ። የመድኃኒት ወረቀት አነበብኩ፤ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ማሳከክ ይላል፣ መጨረሻው አይታወቅም። የሳሙና ልባስ አነበብኩ። ልጄ "ስልክ ላይ ብዙ መጽሐፍ አለ" ብላ ሰጠችኝ፤ ኔትወርኩ ገጹን ግማሽ ላይ አድርሶ ይተወዋል። ገዳዩን ሳይናገር የሚሄድ አዲስ ዓይነት አጭበርባሪ አገኘሁ አልኩ።

ከዚያ ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠሁት። ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንደኛው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የባለቤቴ የፈረሰኞች ማኅበር ጓደኛ ነው። ሁለቱም በሕይወታቸው ልብ ወለድ አንብበው አያውቁም፤ ይህ አድልዎ እንዳይኖር ይጠቅማል አልኩ። ተከሳሹም ሱቁን ዘግቶ መጣ።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "ከሳሽ፣ የደረሰብሽን ጉዳት አስረጂ።"

"ንጹሕ ሰው እንድሰድብ አደረገኝ።"

"የተሰደበው ሰው ማነው?"

"ደራሲው።"

"ቀርቧል?"

"ሞቷል።"

"እንግዲያው እሱ አልከሰሰም። አንቺስ ምን ጎደለብሽ? ሰውየውን አራት ጊዜ ወደሽዋል። እኔ ሚስቴን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወደድኳት።"

"አራት የተለያየ ሰው መስሎኝ ነው የወደድኩት።"

"ቢሆንስ?"

ያን ጊዜ የማኅበሩ ሰው እጁን አነሣ።

"እኔ የምጠይቀው አለኝ" አለ። "ያ ፈረስ ተገኘ?"

"አልተገኘም።"

"ሃያ ሦስቱም ውስጥ?"

"ሃያ ሦስቱም ውስጥ።"

"ሟቹ ወዳጄ ይህን ጉዳይ ለማኅበሩ አቅርቦት ነበር" አለ ወደ ጸሐፊው ዞሮ። "ከሁሉም ከባዱ ክስ ይህ ነው።" ጸሐፊው ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ነጋዴው ሲጠየቅ እንደገና "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። ካሳ ክፈል ቢሉት እሺ ይላል፣ ይቅርታ ጠይቅ ቢሉት ይጠይቃል፤ ለምን ሲሉት ያቀረቅራል። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ወሰኑ። ነጋዴው መልሱን አስቦ ይምጣ። እኔ ደግሞ ደራሲውን ያባረርኩት ቃሉን ሳልሰማ ስለሆነ፣ በፍትሕ አምናለሁ ካልኩ፣ መጀመሪያ ካባረርኩት ከባለ ሲሚንቶው አንዱን መጽሐፍ ወስጄ እንደገና ላየው። ይህን ያለው ጸሐፊው ነው። ይግባኝ ነው አለኝ። እንቢ እንዳልል አድርጎ ነው የያዘኝ።

የባለ ሲሚንቶውን የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ አሁን ራቁቱን የቀረውን፣ ይዤ ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። ልጅቷ እዚያው መስኮት ላይ ነች። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ ያስለቀሰኝ ቦታ ስደርስ ሳቅ አመለጠኝ፤ ልጄ "ምን ሆንሽ?" ብላ መጣች። ሰባት ዓመት መስኮት ላይ ቆሞ የሚውል ሰው እግሩ ያብጣል እንጂ በትካዜ አይሞትም። ግን አንድ ቦታ ላይ ደረስኩ። የልጅቷ እናት ትገባለች። ያልተነካውን ምሳ ታነሣለች። መስኮቱ ጋ ቆማ ልጇን ታያለች፣ "ነገ ሽሮ ልሥራልሽ?" ትላታለች፣ መልስ ሳታገኝ ሳህኑን ይዛ ትወጣለች። ስምንት መስመር ናት፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። በሙሽርነቴ በአጠገቧ አልፌ ሄጃለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ሴት መኖሯንም አላየሁ። አሁን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ "አሁን ደግሞ ማን ሞተ?" አለችኝ። "ማንም አልሞተም፣ ምሳ ያነሣች ሴት ናት" አልኳት።

ውሳኔዬን ለሽማግሌዎቹ በደብዳቤ ላክሁ። ምሳ ያልበላው ጎልማሳ ክስ ጸንቷል። ይህኛዋን እናት ስላላየኋት የአንባቢዋ ጥፋት ነው፤ ደራሲውን በዚህ በኩል ይቅር ብዬዋለሁ፣ እሱም ይቅር ይበለኝ። የአክስቱ ልጅ ጉዳይ ገና ይታያል። ፈረሱን በተመለከተ ይቅርታ የለም።

ነጋዴው ግን መልሱን አላመጣም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ቀጠሩት፤ ሁለቱንም ጊዜ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ሰው ፊት የማይነገር ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ገበያ ባልሆነበት ቀን፣ መሐላዬን አፍርሼ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሜትሩን በአንገቱ አጥልቆ ተቀምጧል።

"ሐጂ" አልኩ፣ "አንቱ ሰው፣ እኔ ካሳ አልፈልግም። ምክንያቱን ይንገሩኝና ልረፍ።"

ሜትሩን አወለቀው፣ መልሶ ጠቀለለው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ማንበብ አልወድም" አለ። "ከሃያ ሦስቱ አንዱንም አላነበብኩም። የማውቀው እርስዎ እዚህ ቆመው የሚናገሩትን ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ እንዳትሰጠኝ ብለውኝ ሲሄዱ ሦስት ገበያ ቀሩ። ሱቁ ጭር አለብኝ። ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ያለው ሁሉ የዚያው ሰውዬ ነው። ሌላ ደራሲ ከየት ላምጣ? ፎቶግራፉ ላይ ጢም ያበቀለበትን መረጥኩ። አበባ ያለበት ጨርቅ ተርፎኝ ነበር። እሱን አለበስኩትና በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩዎት።"